ከካፕሱል ወደ ታብሌት፦ የሕመም ማስታገሻ ሲቀየር መታየት ያለበት

አዳማ ውስጥ ማዘዣ ይዞ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው መዞር የተለመደ ነው። ሐኪሙ ባለ 50 ሚሊ ግራም ትራማዶል ካፕሱል ይጽፋል። የሆስፒታሉ ፋርማሲ «አልቋል» ይላል። ፖስታ ቤት አካባቢ «ካፕሱሉ የለም፣ ታብሌት ነው ያለው» ይባላል። ወደ ፍራንኮ ሠፈር ሲሄዱ ደግሞ «ባለ መቶው ታብሌት አለ፤ ለሁለት ከፍለው ይውሰዱት» የሚል ምክር ይመጣል። ታማሚው ቤት ውስጥ እያቃሰተ ስለሚጠብቅ የተላከው ልጅ የተገኘውን ይዞ ይመለሳል።

«ለሁለት ከፍለው ይውሰዱት» የሚለው ምክር አንዳንዴ ትክክል ነው፣ አንዳንዴ ግን ሰው ይጎዳል። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት ሳጥኑ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈ የሁለት ፊደል ምልክት ነው፤ እሱን አይቶ የሚመለስ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ በመድኃኒት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ካፕሱልን በታብሌት፣ ታብሌትን በካፕሱል መቀየር የግድ ለሚሆንባቸው ቤተሰቦች ነው። በተለይ ወንጂ ላሉ አዛውንቶች ልጆች ብዙ አስባለሁ። በስኳር ፋብሪካው ሠፈሮች ለረጅም ዘመን ሲጠጣ የነበረው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር፣ አጥንትና መገጣጠሚያቸው የተጎዳ፣ ወገባቸው የደረቀ ወላጆች አሉ። እነሱ ማስታገሻ የሚወስዱት ለሦስት ቀን ሳይሆን ለዓመታት ነው። መድኃኒቱ በተቀየረ ቁጥር አደጋውም አብሮ ይመላለሳል።

አንድ ነገር በቅድሚያ ይያዙልኝ፦ ካፕሱል መሆኑ ወይም ታብሌት መሆኑ በራሱ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው መድኃኒቱ ሆድ ከገባ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚለቀቅ ሳያውቁ መቀየር ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደዚህ ያመራሉ።

የምጽፈው ለአዋቂዎች ነው። ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች፣ ታማሚው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም የኩላሊት፣ የጉበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ፣ ቅርጹን ከመቀየር በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

1. የቀድሞውን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ

ብዙ መድኃኒት ቤቶች የሚሰጡት በፍሬ ቆጥረው፣ ስትሪፑን በመቀስ ቆርጠው፣ በትንሽ ወረቀት ከረጢት ነው። ስሙና ሚሊ ግራሙ በተቆረጠው በኩል ይቀራል። እጅዎ ላይ የሚደርሰው ቀይና ቢጫ ካፕሱል ብቻ ነው፤ በቀለም ደግሞ መድኃኒት አይለይም። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው የተለያዩ ካፕሱሎች ሞልተዋል።

ስለዚህ ገና ሲገዙ ባለሙያውን «ስሙንና ሚሊ ግራሙን ከረጢቱ ላይ ይጻፉልኝ» ይበሉ። ሙሉ ስትሪፕ ከሆነ ጀርባውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። መቀየር ሲመጣ «ለወገብ የሚሆን ነጩ ክኒን» ከማለት ያድንዎታል። ባለሙያው ፊት ሲቆሙም እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «እናቴ ስትወስድ የነበረው ይህ ነው። ካፕሱል ነው፣ ባለ 50፣ በቀን ሦስት ጊዜ። አሁን የሚሰጡኝ ያው መድኃኒት ነው? ወዲያው የሚለቀቅ ነው ወይስ ቀስ ብሎ? በቀን ስንት ጊዜ ትወስደዋለች?» እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልሶ የማይልክዎት መድኃኒት ቤት ከሆነ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

2. ሳጥኑ ላይ አራት ነገር ያንብቡ

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ስም። በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ፋብሪካው የሰጠው የንግድ ስም ነው፤ እውነተኛው ስም ከሥሩ በትንሹ ይገኛል። የንግድ ስሙ ተለይቶ የታችኛው አንድ ከሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው። የታችኛው ከተለየ ግን የተቀየረው ቅርጹ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ያ ደግሞ የሐኪም ውሳኔ እንጂ የመድኃኒት ቤት ምትክ አይደለም። ፒሮክሲካም ካፕሱል ጠፋ ተብሎ ዲክሎፌናክ ታብሌት ሲሰጥ ይህ ነው የሚሆነው። ፒሮክሲካም በቀን አንዴ የሚወሰደው ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ነው፤ ትናንት የተዋጠው ገና ሳይወጣ ዲክሎፌናክ ሲደረብበት ጨጓራና ኩላሊት ሁለት ሸክም ይወድቅባቸዋል።

ዲክሎፌናክ ራሱም ሁለት ዓይነት ነው፦ ሶዲየምና ፖታሲየም። ሁለቱም ባለ 50 ሚሊ ግራም ሆነው ይመጣሉ። ፖታሲየሙ ፈጥኖ ይሠራል፣ ለድንገተኛ ሕመም ይመረጣል። ሶዲየሙ ብዙ ጊዜ በልዩ ሽፋን ስለሚሸፈን ጨጓራን አልፎ አንጀት ሲደርስ ነው የሚፈታው፤ ስለዚህ ይዘገያል። ቁጥራቸው አንድ ነው ተብሎ ዝም ብሎ መቀያየር ልክ አይደለም።

ሁለተኛ ሚሊ ግራሙን።

ሦስተኛ ከስሙ ቀጥለው የሚመጡትን ፊደላት፦ ኤስ አር፣ ኢ አር፣ ኤክስ አር፣ ወይም ሪታርድ የሚል ቃል። እነዚህ ሁሉ «ቀስ ብሎ የሚለቀቅ» ማለት ናቸው። ኢ ሲ ደግሞ አንጀት ሲደርስ የሚፈታ ሽፋን እንዳለው ይናገራል። ምንም ፊደል ከሌለ ብዙውን ጊዜ ወዲያው የሚለቀቅ ነው፤ ግን ባለሙያውን ይጠይቁ፣ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

አራተኛ የመደመር ምልክት። አንዳንድ ታብሌት ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። ትራማዶል ካፕሱል ብቻውን ትራማዶል ነው፤ ገበያ ላይ ካለው የትራማዶል ታብሌት አንዱ ግን 37.5 ሚሊ ግራም ትራማዶልና 325 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በአንድ ላይ የያዘ ነው። ከካፕሱሉ ወደዚህ የተሻገረ ሰው ቀድሞ ለብቻው ሲወስደው የነበረውን ፓራሲታሞል ከቀጠለ፣ ላይ የጉንፋን ክኒን ካከለበት፣ ሳያውቀው በቀን ከ4 ግራም ያልፋል። 4 ግራም ማለት ባለ 500ው ስምንት ፍሬ ነው፤ ለጤነኛ አዋቂ የመጨረሻው ጣሪያ እሱ ነው። ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል፣ ጉበት ሲጎዳ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምልክት ላያሳይ ይችላል። ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ፣ ምግብ ለማይበላ ወይም አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ጣሪያው ከዚህም ዝቅ ይላል።

3. የቀኑን ድምር ያስሉ

በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ ሳይሆን ከጠዋት እስከ ጠዋት ስንት ሚሊ ግራም እንደሚገባ ይደምሩ። ሜፌናሚክ አሲድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፦ ካፕሱሉ ባለ 250፣ ታብሌቱ ባለ 500 ነው። ሁለት ካፕሱል ሲውጥ የነበረ ሰው አንድ ታብሌት ይበቃዋል። «እኔ ሁሌ ሁለት ነው የምወስደው» ብሎ ሁለት ታብሌት ከዋጠ መጠኑን እጥፍ አደረገው። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ጋባፔንቲንም እንዲሁ ነው፤ ካፕሱሉ 100፣ 300 ወይም 400 ሆኖ ሲመጣ ታብሌቱ 600 ወይም 800 ነው። ጋባፔንቲንን ረጅም ጊዜ ሲወስዱ ከነበረ፣ ካፕሱሉ ጠፋ ብለው በአንድ ቀን አያቁሙት፤ ያለውን ቅርጽ ይፈልጉ ወይም ሐኪሙ ቀስ እያለ ያውርድዎት። ለጨጓራ ተብሎ የሚታኘክ ክኒን ወይም ነጭ ፈሳሽ ከወሰዱ ደግሞ ጋባፔንቲኑን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይዋጡት፣ አለበለዚያ በሚገባ አይመጠጥም።

ለንጽጽር እንዲረዳዎት ጣሪያዎቹን እነሆ። ዲክሎፌናክ በቀን 150 ሚሊ ግራም። አይቡፕሮፌን ያለ ማዘዣ ከሆነ 1200፣ ከዚያ በላይ በሐኪም ብቻ። ትራማዶል ወዲያው የሚለቀቀው 400፣ ዕድሜያቸው ከ75 ላለፈ ደግሞ ከ300 እንዳይበልጥ ይመከራል። ጣሪያ ማለት መድረስ ያለብዎት ቦታ ማለት አይደለም፤ ሕመሙን የሚይዘው ትንሹ መጠን ሁልጊዜ ይመረጣል።

4. የሚለቀቅበትን ፍጥነት ይለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ። ሸንኮራ ማሳ ላይ ቦዩን ከፍቶ ውኃውን በአንዴ መልቀቅና በጠብታ ማጠጣት እንደሚለያዩት፣ ወዲያው የሚለቀቅ መድኃኒትና ቀስ ብሎ የሚለቀቅ መድኃኒት ይለያያሉ። ባለ 50ው የትራማዶል ካፕሱል ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ ሕመሙን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓታት ይይዛል፣ ከዚያ ኃይሉ ያልቃል፣ ሌላ ይወሰዳል። ባለ 100ው ኤስ አር ታብሌት ግን መቶውን ለ12 ሰዓታት ነው የሚያከፋፍለው። ለዚህ ሲባል መድኃኒቱ ከልዩ ነገር ጋር ተጋግሮ ወይም በልዩ ሽፋን ተጠቅልሎ ይሠራል።

ያንን ታብሌት በቢላ ለሁለት ሲከፍሉት፣ ሲያኝኩት ወይም በሙቀጫ ሲወቅጡት ያ ሥራ ይፈርሳል። ለ12 ሰዓታት የተሰላው በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። በትራማዶል ይህ ማለት ከባድ እንቅልፍ፣ የትንፋሽ መዘግየት፣ አንዳንዴም መንቀጥቀጥና መጣል ነው። «ለሁለት ከፍለው ይውሰዱት» ሲባሉ መጀመሪያ ኤስ አር አለመሆኑን ይዩ። ፊደሉ ካለ፣ በራስዎ አይክፈሉት። መሃሉ ላይ መክፈያ መስመር ያለው፣ ወዲያው የሚለቀቅ ታብሌት ከሆነ ግን በመስመሩ ላይ መክፈል ይቻላል።

አልኮል የቀስታውን አሠራር የሚያበላሽባቸው መድኃኒቶች አሉ። ከትራማዶል ጋር ደግሞ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ትንፋሽ ያዳክማል። ቢራ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም ያው አልኮል ነው። በዓል ሲደርስ «ለቤቱ ክብር አንዲት ብቻ» የሚሏቸውን ዘመዶች «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብለው ይመልሱ።

ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ለማን ነው? ሌት ተቀን ለማይለቅ ሕመም። ጥርሱን ተነቅሎ ለሁለት ቀን የሚያመው ወይም አልፎ አልፎ ወገቡን የሚይዘው ሰው ወደ ኤስ አር መቀየር የለበትም። ሲያመው ብቻ አንድ ካፕሱል ሲውጥ የነበረ ሰው ኤስ አር ቢሰጠው ፈጥኖ አይሠራለትም፤ «አልሠራልኝም» ብሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ ይደግማል። ብዙ ችግር የሚጀምረው ከዚህች ሁለተኛዋ ፍሬ ነው።

ከወዲያው ወደ ቀስታው ሲኬድ ሐኪሙ የሚያሰላው በቀኑ ድምር ነው። በቀን አራት ጊዜ ባለ 50 ሲወስድ የነበረ ሰው ድምሩ 200 ነው፤ በ12 ሰዓት አንዴ የሚወሰደው ኤስ አር ከተመረጠለት ጠዋት 100፣ ማታ 100 ይሆናል ማለት ነው። ለ24 ሰዓታት የሚበቃ ዓይነትም ስላለ «በቀን ስንቴ?» የሚለውን ጥያቄ አይዝለሉት። ዲክሎፌናክም በተመሳሳይ መንገድ፦ ባለ 50 በቀን ሦስቴ የነበረው በባለ 75 ኤስ አር በቀን ሁለቴ ይተካል፤ ባለ 100 ኤስ አር ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ ነው። ባለ 100ውን እንደ ድሮው ሦስት ጊዜ የሚወስድ ሰው 300 ገባበት፤ የጣሪያው እጥፍ ነው።

ካፕሱል ሆኖም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ አለ፣ ውስጡ ትናንሽ ፍሬዎች የሞሉበት። ስለዚህ «ካፕሱል ፈጣን፣ ታብሌት ዘገምተኛ» የሚል ደንብ አይያዙ።

5. የመሸጋገሪያውን ሰዓት ይወስኑ

የድሮውና የአዲሱ በአንድ ሰዓት አይዋጡም። አዲሱ የሚጀመረው የድሮው ቀጣይ ፍሬ ሊወሰድ በነበረበት ሰዓት ነው። ካፕሱሉን በቀን አራቴ፣ ማለትም በየስድስት ሰዓቱ ሲወስዱ ከነበረና የመጨረሻውን ከቀኑ 7 ሰዓት ከዋጡ፣ ኤስ አሩን ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት እያሉ ይቀጥላሉ። ከኤስ አር ወደ ካፕሱል ሲመለሱ ደግሞ በ12 ሰዓት አንዴ የሚወሰደው የመጨረሻው ኤስ አር ከተዋጠ 12 ሰዓት ሳይሞላ ካፕሱል አይነካም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ሰዓት ከጻፈ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ 8 ያለው በእኛ 2 ሰዓት ነው። ለአዛውንት ወላጅ ከሆነ ከረጢቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሳሉ፤ ከጽሑፍ በላይ ይረዳል። የቀረውን የድሮ ካፕሱል ደግሞ ከመኝታቸው አጠገብ ያንሱት። ሁለቱም እዚያው ካሉ ሌሊት ሲያማቸው ሁለቱንም ይወስዳሉ።

6. «ለጨጓራዬ ካፕሱል ይሻለኛል» ስለሚባለው

ይህን በየቀኑ እሰማዋለሁ። ታብሌቱ ጨጓራዬን ላጠኝ፣ ካፕሱል ይሰጠኝ ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ «እንግዲያውስ መርፌ ውጉኝ» ይላል። እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ያሉ ማስታገሻዎች ጨጓራን የሚጎዱት በዋናነት ግድግዳውን በመንካት አይደለም። ደም ውስጥ ከገቡ በኋላ የጨጓራን መከላከያ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ያስቀራሉ። ስለዚህ በካፕሱል ቢገቡ፣ በመርፌ ቢገቡ፣ በመቀመጫ በኩል ቢገቡ ቁስል ሊያመጡ ይችላሉ። ሽፋን ያለው ታብሌት የማቃጠሉን ስሜት ትንሽ ያቀልል ይሆናል፤ የመድማትን አደጋ ግን አያስቀረውም።

ጨጓራ ያለበት ሰው መቀየር ያለበት ቅርጹን ሳይሆን መድኃኒቱን ነው። ፓራሲታሞል ይበቃ እንደሆነ፣ ወይም ከጎኑ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መከላከያ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ኦሜፕራዞል ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል፤ ውስጡ ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች አይታኘኩም።

የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያበዛ ክኒን አብረው ለሚወስዱ እነዚህ ማስታገሻዎች ኩላሊታቸውን ሊጥሉ ይችላሉ። ለዲፕሬሽን ወይም ለእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ትራማዶል ከመጀመራቸው በፊት ይናገሩ፤ አሚትሪፕቲሊን ለምሳሌ ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ የመንቀጥቀጥን ዕድል ይጨምራል።

7. አዋዋጡ

ለመዋጥ ስለሚቸገሩ ብቻ ቅርጹ እንዲቀየርላቸው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ አዋዋጡን ይሞክሩ። በጀርመን ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ሁለት ዘዴዎችን ፈትኖ ነበር፤ ሁለቱም ለአብዛኞቹ ተሳታፊዎች ረድተዋል። ለታብሌት፦ ታብሌቱን ምላስ ላይ ያድርጉ፤ በውኃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ አፍ በከንፈርዎ ግጥም አድርገው ይያዙ፤ አየር ሳያስገቡ እየጠቡ ይዋጡ። ጠርሙሱ ሲጨማደድ ልክ ሠሩ ማለት ነው። ለካፕሱል፦ ካፕሱል ቀላል ስለሆነ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ሲጥሉ ወደ ከንፈር ይመጣል እንጂ ወደ ጉሮሮ አይሄድም። ውኃ ይጎንጩ፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ ያድርጉ፣ ያኔ ይዋጡ። በስትሮክ ምክንያት መዋጥ የከበደው ሰው ግን ይህን ቤት ውስጥ አይሞክር።

ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡበት፤ ከዋጡ በኋላ ወዲያው አይጋደሙ፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። ካፕሱል በትኩስ ቡና ወይም ሻይ አይዋጥ፤ ልባሱ አፍ ውስጥ ይላቁጣል።

ካፕሱልን ከፍቶ ዱቄቱን መውሰድስ? በመድኃኒቱ ይለያያል። ሴሌኮክሲብ ተከፍቶ በአንድ ማንኪያ እርጎ ወይም በተፈጨ ሙዝ ላይ ተነስንሶ ወዲያው መወሰድ ይችላል። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ግን ፍሬዎቹ ሊሰባበሩ አይገባም። ያልጠየቁበትን ካፕሱል አይክፈቱ፤ ዱቄቱንም ቁስል ላይ አይነስንሱ። ጭራሽ መዋጥ ካልተቻለ ሽሮፕ ወይም በመቀመጫ የሚገባ ይጠይቁ።

8. ጾምና ጄላቲን

ካፕሱሉን የሚሸፍነው ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት፣ ከከብት ወይም ከአሳማ ይሠራል። ወደ አዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ ስንሄድ የምናልፋት ዱከም ባዶ የጄላቲን ካፕሱል የሚመረትባት ከተማ ናት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላባት አዳማ ይህ ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው። ሳያፍሩ ይጠይቁ። ከዕፅዋት በተሠራ ልባስ የሚመጣ ካፕሱል አለ፤ ወይም ያው መድኃኒት በታብሌት ይገኝ ይሆናል። ታብሌት ውስጥም ላክቶስ የሚባል የወተት ስኳር ሊኖር ስለሚችል፣ በሁዳዴ ለሚጨነቁ ቅርጽ መቀየር ብቻውን መፍትሔ ላይሆን ይችላል። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ እንጂ መድኃኒቱን በራስዎ አይተዉት።

ሰዓቱም አለ። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ዲክሎፌናክን በባዶ ሆድ ጠዋት አይዋጡት። ረመዳን ላይ ደግሞ በቀን ሦስቴ የነበረውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ አጭቆ መጨረስ መጠኑን ያጠጋጋዋል። ለማይለቅ ሕመም በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ዓይነት ለኢፍጣርና ለሱሑር ይመቻል፤ ይህን ቅያሬ ጾሙ ከመግባቱ ቀደም ብለው ከሐኪም ጋር ይጨርሱት። በአዳማ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ ለኩላሊት ከባድ ነው። ሕመምተኛ አፍጥሮ በኋላ ቀዷ እንዲያወጣ የተፈቀደለት መሆኑንም ቤተሰብ ያስታውሰው።

9. ሙቀትና የማብቂያ ቀን

ካፕሱል ከታብሌት ይልቅ ሙቀትና እርጥበት ይፈራል። ቆርቆሮ ሥር ባለ መደርደሪያ፣ መስኮት ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ካፕሱል እርስ በርሱ ይጣበቃል ወይም ደርቆ ይሰነጠቃል። ሳጥኑ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ከስትሪፑ ሳይወጣ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩት። የተጣበቀውን አይዋጡ።

የማብቂያው ቀን የሚታተመው በፈረንጆች ነው። 03/2027 የሚለው በእኛ መጋቢት 2019 ላይ ያበቃል። 2027ን እንደኛ ዘመን የቆጠረ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ስምንት ዓመት ሊያስቀምጥ ነው።

10. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከተቀየረ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት የተወሰደበትን ሰዓትና ሕመሙ የተመለሰበትን ሰዓት ይጻፉ። ሕመሙ ቀጣዩ ሰዓት ሳይደርስ ከተመለሰ ፍሬ አይጨምሩ፤ የጻፉትን ይዘው ሐኪሙ ጋ ይሂዱ። ትራማዶል ላይ ያለ ሰው የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሊኖረው ይችላል፤ ባጃጅም ሆነ ሌላ መኪና አይንዳ።

እነዚህን ካዩ ግን ሰዓት አይጠብቁ፦ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ደም ማስታወክ፣ ሲጠሩት የማይነቃ እንቅልፍ፣ ትንፋሽ መዘግየት፣ መንቀጥቀጥ፣ የፊትና የከንፈር ማበጥ፣ ሽንት መቀነስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ታማሚውን ይዘው ሲሄዱ ሁለቱንም ማሸጊያ፣ የድሮውንም የአዲሱንም፣ ይዘው ይሂዱ፤ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

መድኃኒቱ ራሱ ካጠራጠረዎት፣ ማለትም ጽሑፉ የተፋቀ፣ ሽታው የተለወጠ ወይም ከማሸጊያው ውጭ በልቅ የተሸጠ ከሆነ፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 መጠቆም ይቻላል። የተረፈውን የድሮ ካፕሱል ለጎረቤት አይስጡ፣ በተለይ ትራማዶል ከሆነ፤ መድኃኒት ቤት ወስደው እንዲያስወግዱልዎት ይጠይቁ።